ወረፋ የጠበቀ ምኞት

እናንተዬ፣ አንዲት ሴት የገዛ ልጇን ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አምጣ ወልዳ፣ በአንድ ጣራ ሥር እያጠበችና እያበላች አሳድጋ፣ «እናቴ» የምትለዋን ቃል ከልጇ አፍ ሳትሰማ ዕድሜዋን ልትገፋ ትችላለች? ትችላለች! ከአት ባሺ መንደር ዳርቻ፣ ሰማያዊ በር ባለው ቤት፣ ቡሩል እንዲህ ኖራለች። ይህን የምነግራችሁ አልቅሳችሁ እንድትበተኑ ብዬ አይደለም፤ ብታለቅሱም አልከለክልም። የቡሩል ነገር ሲነሳ ግን እኔ በሐዘን ብቻ አልቀመጥም። የፈረስ እሽቅድምድም እንደሚያይ ሰው ልቤ ይመታል፣ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ።

ነገሩ ስርቆት አይደለም፣ ክፋትም አይደለም። በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ የአያት ነው። ቡሩል ለሜዴት በተዳረች በዓመቷ፣ ገና አንድ ፍሬ ልጅ ሳለች፣ ሴት ልጅ ወለደች። አርባው ቀን ሲሞላ አማቷ ሳቢራ ሕፃኗን ከእቅፏ ወሰዱና በቀሚሳቸው አንገት አስገብተው፣ እንደ ወለዷት ሁሉ በግርጌው አወጧት። «ከአሁን ወዲያ የኔ ናት» አሉ። በግ ታረደ፣ ጎረቤት መረቀ። ቡሩልም በዚያን ቀን አላለቀሰችም፤ እንዲያውም ኮራች። ምራት ለአማቷ ከዚህ የበለጠ ምን ትሰጣለች? ደግሞስ ሌላ መውለድ ይቀራል? ልጅ ነበረች፣ ሆዷ ሰፊ መሰላት። ወይ አለማወቅ! ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አረገዘች፣ ሁለቱም ወረዱባት፤ ሦስተኛ አልመጣም።

ሳቢራም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተስገበገቡም። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ በረዶ ቀልጦ ወንዝ በሞላበት ወራት ውሃ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ሳቅ የገባበት በዚች ሕፃን ነው። ካንሻይ አሏት። ካንሻይ አፏን ስትፈታ አያቷን «አፓ» አለች፣ እናቴ ማለቷ ነው። ወላጅ እናቷን ቡሩልን ደግሞ «ጄኔ» አለቻት፣ የወንድሜ ሚስት። አባቷ ሜዴት ወንድም ተብሎ ቀረ። እውነቱን ማን ያውቃል ብትሉ ሁሉም ያውቃል፤ ካንሻይም ጥርሷን ሳትነቅል ነው ያወቀችው። ግን ማወቅ ሌላ፣ መጥራት ሌላ። ሳቢራ በሕይወት እያሉ ሌላ ሴት አፓ ብሎ መጥራት አሮጊቷን በቁማቸው መቅበር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ማንም ደፍሮ አያነሳውም።

ቡሩል ታዲያ ምኞት የላትም? አላት እንጂ! ችግሩ፣ ምኞቷን የምታስቀምጥበት ቦታ ነው። በኖሩዝ፣ በአዲስ ዓመታችን ጠዋት፣ የሱሞሎክ ድስት ሲከፈት ታውቃላችሁ፤ ያ ሴቶች ሲያማስሉት ያደሩት የስንዴ ቡቃያ ገንፎ። እንዳያር ተብሎ ከሥሩ ጠጠር ይጨመርበታል፤ ሲቀዳ በሳህኗ ጠጠር የደረሳት ሴት አንድ ነገር ትለምናለች። ቡሩልን ጠጠር ይወዳታል። ጎረቤቶቿ «አንቺ ድስቱን ጉቦ ትሰጪዋለሽ» እያሉ ያበሽቋታል። በመጀመሪያው ዓመት ለሜዴት ወንድ ልጅ ለመነች። ቀጥሎ የሚያፈሰው ጣራ እንዲጠገን። ቀጥሎ የሳቢራ ጉልበት እንዲሻላቸው። ካንሻይ የትግል ስፖርት የጀመረች ዓመት ደግሞ አንገቷ እንዳይሰበር። የራሷ ምኞት፣ ያቺ አንዲት ቃል፣ ከኋላ ቆማ ወረፋ ትጠብቃለች። ቡሩል ጠጠሩን በመዳፏ ይዛ በየዓመቱ «የኔ ለከርሞ» ትላለች። ከርሞ ግን የማን ዘመድ ነው? ለማንስ ቃል ገብቶ ያውቃል?

አንድ ክረምት ሳል ያዛት። ሳሉ ሰነበተ፣ ደም ቀላቀለ፤ ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ፣ ያውም በተለመደው መድኃኒት የማይበገረው ዓይነት። ሆስፒታል ተኛች። ካንሻይ በመስኮት መስታወት ውጭ ቆማ እየዘለለች ታስቃት ነበር። ሐኪሟ፣ ደግ ሴት ናት፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። «ይህ መርፌ ሳንባሽን ያድንልሻል። ጆሮሽን ግን ሊነካ ይችላል። ቤትሽ ገብተሽ ስትወጊም ቢሆን ጆሮሽ ጭው ማለት ከጀመረ በዚያው ቀን ነይ፣ እንቀይረዋለን። ነገ ዛሬ እንዳትይ።»

«እሺ» አለች ቡሩል።

ሳንባዋ ዳነ፣ ተላላፊነቱ ጠፋ፣ ቤቷ ገባች፤ መርፌውን በቀበሌው ጤና ጣቢያ ትወጋ ጀመር። አንድ ቀን ጆሮዋ ጭው ማለት ጀመረ! ያን ጊዜ ግን ሳቢራ በረዶ ላይ ተንሸራተው ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር። ማን ያጉርሳቸው? ማን ያጥባቸው? ላሞቹንስ ማን ይለብ? ቡሩል ጆሮዋ እንደ ንብ ቀፎ እየጮኸ በማንኪያ ሾርባ እያጎረሰቻቸው «ነገ እሄዳለሁ» አለች። በማግስቱም ነገ እሄዳለሁ አለች። ሳቢራ የተሰበረው ክንዳቸው ከጄሶ ሲወጣ ነው የሄደችው። ሐኪሟ ጆሮዋን መርምራ መርፌውን አስቆመችው። ከዚያ በወረቀት ሳይሆን በአፏ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነገረቻት። የሄደው አይመለስም። የቀረውም እየሄደ ነው። መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ይሄዳል፣ ወፍ፣ ፉጨት፣ የሴትና የልጅ ድምፅ፤ ወፍራሙ የወንድ ድምፅ መጨረሻ ላይ። መቼ ያልቃል ስትላት «ሣሩ ሲደርቅ፣ ወይ ከዚያ በፊት» አለቻት።

ከሆስፒታሉ ወጥታ ወዴት ትሂድ? እግሯ ወደ ካንሻይ መለማመጃ አዳራሽ ወሰዳት። በጨርቅ የቋጠረችላት ደረቅ እርጎና የተጠበሰ ሊጥ ነበር። አዳራሹ በላብና በጩኸት ታፍኗል። አሰልጣኟ ጋይሻ፣ አንገቷ እንደ በሬ፣ አንደበቷ እንደ በርበሬ የሆነች ሴት፣ ልጃገረዶቹን ቁጢጥ ብድግ እያሰኘች ግባቸውን ታስለፈልፋቸዋለች። ሁልጊዜ እንዲሁ ናት። ግቧን በቅደም ተከተል በአፏ ያላለች ልጅ ምንጣፍ አትረግጥም።

«ካንሻይ፣ አንደኛ?»

«የአገር አቀፉ ወርቅ።»

«ሁለተኛ?»

«የስፖርት ዩኒቨርሲቲ።»

«ሦስተኛ?»

«ለአፓ የወርቅ ጥርስ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋይሻ ግን አልሳቀችም። «ሁለቱ ቢጋጩብሽስ? የቱን ትተያለሽ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ያላወቀ ሰው ሕይወቱን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያቀብል ነው የሚኖረው።» ይህን ብላ ዘወር ስትል በሩ ላይ ቋጠሮዋን ይዛ የቆመችውን ቡሩልን አየቻት። «አንቺስ፣ የካንሻይ ጄኔ? አንደኛ ግብሽ ምንድን ነው?»

ቡሩል ደነገጠች። «እኔማ... እሷ እንድታሸንፍልኝ ነው።»

«እሱ የሷ ነው። የሰው ግብ ተውሰሽ አትምጪብኝ። ያንቺን ነው የጠየቅኩት።»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ጨዋታ ነበር፣ ጋይሻም ወዲያው ረሳችው። ቡሩል ግን የሆነ ነገር ደረቷ ውስጥ እንደ ግልገል ዘለለባት! ወደ ቤቷ በእግሯ ስትመለስ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት መርዶ የሰማች ሴት እሷ መሆኗን ማን ያምናል? በረዶውን እየረገጠች ለብቻዋ ትስቃለች። የኔስ? የኔ አንደኛስ? ስሙን ታውቀዋለች፣ መልኩን ታውቀዋለች፣ ስንት ዓመት ጓሮ አስቁማዋለች። ጆሮዋ ከመዘጋቱ በፊት፣ የካንሻይ ቀጭን ድምፅ ከመሄዱ በፊት፣ አንዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አፓ ስትላት ትስማ። ያ ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ይሰለፍ!

በዚያ ኖሩዝ ጠጠር ደረሳት። ጎረቤቶቿ «ዘንድሮስ ለማን ልትለምኚ ነው?» ሲሏት «ለቡሩል» አለች። ሁሉም ቀልድ መሰላቸው።

ያኔ ለልጅቷ በቀጥታ ብትነግራት ኖሮ! ግን ቡሩል የጨዋ ልጅ ናት፤ አማቷን አልፋ አትሄድም። ሳቢራ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሱፍ ሲያባዝቱ አጠገባቸው ተንበረከከች። ስለ ጆሮዋ ነገረቻቸው። ከዚያ የለመነችውን ነገረቻቸው። የአሮጊቷ እጅ ሱፉ ላይ ቀረ።

«ልጄን ልትነጥቂኝ ነው?»

«አይደለም እናቴ። የእርስዎ ናት። አንዴ ብቻ ትጥራኝና ትመለስልዎ።»

ሳቢራ ዓይናቸውን ወደ ወንዙ በኩል መለሱ። ምን ይሆን ያዩት? ያ ሙላት፣ ያ ወንዝ፣ ከእጃቸው ያመለጠች የልጅ ቀሚስ? «ልጅቷ ውድድር አለባት» አሉ በመጨረሻ። «ልቧ የተረበሸ ልጅ ምንጣፍ ላይ አትቆምም። ወርቋን ታምጣ። ከዚያ ራሴ እነግራታለሁ፣ በድግሱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቃሌ ነው።»

«ውድድሩ እኮ መስከረም ነው፣ እናቴ።»

«መስከረም ሩቅ ነው እንዴ?»

ምን ትላለች? የለመደ አፍ ነው። «እሺ» አለች። ማታ ለባሏ ስትነግረው ሜዴት፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ጫማውን እያወለቀ «አንቺ ግን እሺ ማለት መቼ ነው የሚበቃሽ?» አላት። እናቱን ሄዶ እንዳይናገር እሱም ከዚያው ቤት የወጣ ልጅ ነው፤ እዚያው ዋጠው።

ካንሻይ በጋውን ለልምምድ ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ ቢሽኬክ፣ ሄደች። ቤተሰቡ እንደ ወትሮው ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታው ሣር ወጣ። ሌላ ዓመት ቢሆን ቡሩል ያን ተራራ ትወደው ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ ጠዋት ስትነሳ ወፎቹ የሉም። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ የለም። ከዚያ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ሄደ። ከዚያ የግልገሎቹ ጩኸት። የፈረሱን ኮቴና የሜዴትን ድምፅ ትሰማለች፤ እሱም በወፍራም ሱፍ ተጠቅልሎ እንደሚመጣ ነው። ወይ ዕጣ! አንዱን ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው፣ ያንኑ ድምፅ አስቀድሞ መውሰድ ምን ይባላል? ካንሻይ ስልክ በደወለች ቁጥር ቡሩል ጆሮዋ ላይ ለጠፍ አድርጋ፣ ምንም ሳትሰማ «ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ ልጅ» ብላ ለሳቢራ ታቀብላለች። ለልጅቷ እንዳይነገራት ያስማለቻቸው ራሷ ናት፤ ሐሳቧ እንዳይበተን። ሳቢራም ቡሩል አንገቷን ስትነቀንቅ፣ ፈገግ ስትል እያዩ «ትሰማለች፣ ገና ትሰማለች» ብለው ራሳቸውን ሸነገሉ። ማየት ያልፈለገ ዓይን የተራራ ያህል ነገር ይሸሽገዋል።

እንግዲህ መስከረም ደረሰ! ቡሩል፣ ሜዴትና ሳቢራ በሚኒባስ የዶሎንን ተራራ ተሻግረው ቢሽኬክ ገቡ። የስፖርት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከበሮ ይመታል፣ ባንዲራ ይውለበለባል፣ የየአውራጃው ሰው የየልጁን ስም ይጮሃል። ካንሻይ ቀዩን የትግል ልብሷን ለብሳ ስትገባ የአውራጃችን የናሪን ሰው በእግሩ ቆመ። ቡሩል የምትሰማው ነገር እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ነው፣ ከጆሮዋ ይልቅ ከአግዳሚው ወደ አጥንቷ የሚገባ። ዓይኗ ግን አለ! የመጀመሪያዋን ባላጋራ ካንሻይ በእግር ጠልፋ ስትጥላት ቡሩል የሜዴትን ጉልበት ቀጠቀጠችው። ሁለተኛዋ ረጅም ነበረች፤ ካንሻይ ሥሯ ገብታ እንደ ዱቄት ከረጢት ተሸከመቻት። በግማሽ ፍጻሜው ከኋላ ተነስታ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከኦሽ አውራጃ የመጣችውን ልጅ በጀርባዋ አነጠፈቻት። ፍጻሜ ገባች! ሜዴት ኮፍያውን ወረወረ፤ የማን ጭንቅላት ላይ እንዳረፈ አይታወቅም። ቡሩል ከዚያን ቀን በፊት እንዲህ የደነሰችበትን ቀን አታስታውስም። ወርቁ ከመጣ ድግሱ አለ፣ ድግሱ ካለ ቃሉ አለ። ባትሰማውም ይነገራል፤ ታየዋለች። በዚህ ራሷን አሳምና ነበር።

ከፍጻሜው በፊት ዕረፍት ነበረ። ካንሻይ ከምንጣፉ ዳር ወደ ላይ ቀና ብላ «ጄኔ» ብላ ጠራች። ቡሩል ባንዲራውን እያየች ነበር፣ አልዞረችም። ደግማ ጠራች። ሰው ሁሉ ዞረ፣ ቡሩል አልዞረችም። ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። ኮሪደሩ ውስጥ ውሃ ይዘው የመጡትን ሳቢራን ያዘቻቸው። ይህን ቡሩል አላየችም፤ በኋላ ነው የተነገራት።

«አፓ፣ ጄኔ ምን አድርጌአት ነው የምታኮርፈኝ? ጠዋት ስስማትም ያወራሁት ነገር አልገባትም። ስጠራት ጀርባዋን ትሰጠኛለች።»

ሳቢራ የውሃውን ጠርሙስ ያዙ፣ ለቀቁ። ያን ጊዜ ነው ዓይናቸው የተከፈተው። ጠፍቷል ማለት ነው። የካንሻይ ድምፅ ከቡሩል ጆሮ ጠፍቷል። «መስከረም ሩቅ ነው እንዴ» ያለው አንደበታቸው ነው ያጠፋው። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«አላኮረፈችም፣ ልጄ። ደንቁራለች።» ሁሉንም ነገሯት። መርፌውን፣ ክንዳቸው ተሰብሮ ሳለ ያጎረሰቻቸውን ሾርባ፣ በሱፉ አጠገብ ተንበርክካ የለመነችውን። «አንዴ ብቻ አለችኝ። እኔ ደግሞ ከወርቁ በኋላ አልኩ። ምናልባት በጣም ተጠግተሽ ብትነግሪያት... እኔ እንጃ። ሂጂ፣ ተጋጥመሽ ስትጨርሺ...»

ካንሻይ የቀረውን አልሰማችም። በዚያው ቅጽበት ድምፅ ማጉያው ስሟን ጠራ፤ ለፍጻሜው ወደ ምንጣፍ። በግራ በኩል ምንጣፉ፣ ጋይሻ ፎጣዋን እያወዛወዘች። በቀኝ በኩል ወደ ተመልካች የሚወጣው ደረጃ። ያቺ ከልጅነቷ ጀምሮ በየቀኑ «አንደኛ? ሁለተኛ?» ተብላ ስትጠየቅ ያደገች ልጅ እዚያ ቆመች። ብዙም አልቆመች። በደረጃው ወጣች!

አዳራሹ ግራ ገባው። ቀይ የለበሰች ልጅ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ሰው እየገፋች ትወጣለች። ቡሩል ስታያት የተጎዳች መሰላትና ብድግ አለች። ካንሻይ ደርሳ ፊቷ ተንበረከከች፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። የቡሩልን ቀኝ እጅ ያዘችና መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ አለችው።

ቡሩል ያን የከንፈር አካሄድ ታውቀዋለች! እዚያው ቤት፣ እዚያው ማዕድ ላይ፣ ለሌላ ሴት ሲነገር ስንት ዓመት በዓይኗ ስትከተለው የኖረችው ነው። ከንፈሮቹ ተከፈቱ፣ ገጠሙ፣ ተከፈቱ። በመዳፏ ሥር ደግሞ ሙቁ ጉሮሮ ተርገበገበ። በጆሮዋ ምንም አልመጣም... ምንም። በእጇ ግን መጣ። በክንዷ ወጥቶ ደረቷ ድረስ መጣ። ቡሩል የራሷን ድምፅ ስለማትመጥነው፣ አዳራሹ እስኪሰማ፣ «ድገሚልኝ» አለች።

ካንሻይ ደገመችላት።

ድምፅ ማጉያው ለሁለተኛ ጊዜ ጠራ። ሦስተኛውን ያልደረሰ ተወዳዳሪ እንደተሸነፈ ነው የሚቆጠረው፤ ይህን ከታች እስከ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቡሩል ግን የሚጠራውን በምን ትስማው? ሜዴት ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ካንሻይ ቀና ብላ አየችውና ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳይነካት። «ድገሚልኝ» አለች ቡሩል፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አፏ እየሳቀ። ካንሻይ ደገመች። ጋይሻ ከታች ትጮሃለች። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። «ድገሚልኝ፣ አንዴ ብቻ።» ድምፅ ማጉያው ለሦስተኛ ጊዜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጠራ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ከበሮውን አቁሞ ወደ ላይ ያያል። ካንሻይ እጇን አጥብቃ ይዛ ደገመችላት።

ቡሩል እንባዋን ጠርጋ ቀና ያለችው ያኔ ነው። በልጅቷ ትከሻ በላይ ምንጣፉን አየች። ዳኛው ሰማያዊ የለበሰችውን ልጅ እጅ ወደ ላይ አንስቷል። አጠገቧ ማንም የለም።

«ምን አደረግሽ?» አለች ቡሩል። ፊቷ አመድ መሰለ። ትከሻዋን ገፋቻት። «ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ? ሂጂ፣ ሂጂ ንገሪያቸው፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ በያቸው። ወርቅሽ...»

ካንሻይ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ማየት እንድትችል ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ወርቁ ይጠብቅ» አለቻት። ገባትም አልገባትም፣ ቡሩል ልጇን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ጣለቻት። ይህን ያየ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል? የናሪን ሰው ብቻ አይደለም፣ የኦሽም የታላስም አውራጃ ሰው ቆመ። ያሸነፈችው ልጅ ራሷ ሜዳልያዋን ሳትቀበል ወደ ላይ እያየች ታለቅሳለች። ጋይሻ ደረጃውን እየረገጠች ወጥታ «አብደሻል?» አለች። ካንሻይ ከቡሩል ደረት ሥር ሆና «አንቺ አይደለሽ ቅደም ተከተል ያስተማርሽኝ?» አለቻት። ጋይሻ በፎጣዋ ዓይኗን ሸፍና ከምሰሶ ኋላ ሄደች። በኋላ ሲጠይቋት አቧራ ነው አለች።

መጨረሻ ላይ ሳቢራ ደረሱ። አንድ አንድ ደረጃ፣ ብረቱን እየያዙ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ምራታቸው ፊት ሲደርሱ ብዙ ተናገሩ፣ ይቅር በይኝ አሉ፣ ልጄ አሉ፣ ሌላም አሉ፤ ቡሩል አንዱንም አልሰማችም። አሮጊቷም መስማት አለመቻሏን አስታወሱ። ከዚያ የቡሩልን ራስ ሻሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ቀኝ ጆሮዋን ሳሙ። ዞረው ግራ ጆሮዋን ሳሙ። ቡሩል ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ሦስት ሴቶች በአንድ አግዳሚ ላይ ተቃቅፈው ቀሩ፤ ሜዴት ኮፍያ የሌለው ራሱን በእጁ ይዞ እንደ ልጅ ይንሰቀሰቃል።

እንግዲህ ዕጣ ፈንታን ምን ብዬ ልክሰሰው? ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፤ ለቡሩል ደግሶላት ጠበቃት ልበል ወይስ ሰርቆ መለሰላት? ሐኪሟ ዘንድ በቀኑ ሄዳ፣ ልጇንም በቀኑ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ጆሮዋም ቃሉም በኖረላት ነበር። ደግ ሰው ነበረች፣ ደግነቷን ግን እንደ ዘበኛ በራሷ ምኞት በር ላይ አቁማዋለች። እኔ ይህን ታሪክ በነገርኩ ቁጥር ቤቴ ገብቼ የራሴን አንደኛ እፈልጋለሁ፤ እናንተም ብትፈልጉ አይከፋም፣ ቶሎ ብላችሁ።

ያ ሰማያዊ በር ዛሬም አለ። ካንሻይ የብር ሜዳልያዋን ኮሮጆ ውስጥ ጥላ በማግስቱ ልምምድ ጀምራለች፤ ለሚቀጥለው ዓመት ወርቅ። ከልምምድ ስትገባ በሩ ላይ ሆና «አፓ» ብላ ትጣራለች። ሳቢራ ከጓዳ «አቤት» ይላሉ። ቡሩል አትልም። ካንሻይ ግን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ እሷ ትሄድና እጇን ይዛ ጉሮሮዋ ላይ ታደርግላታለች።